ጉዳዩ፦ ጾም ስለማሳወጅ

የሚስቴን ሥራ ለሰው ማስረዳት አቁሜአለሁ። ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ሁሉ ባለቤትህ ምን ትሠራለች ይለኛል። ነርስ ናት እላለሁ። በዚህ ቢበቃው ምን ነበረበት? የት ክፍል ብሎ ይቀጥላል። እንግዲህ ከጀሞ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ባለው መንገድ፣ በዚያ ግፊያ መሀል፣ ስለ ስቴም ሴል ምን ብዬ ልንገረው? አንዴ ሞክሬ ሰውየው ሚስቴ የሰው መቅኒ የምትሸጥ መሰለውና ሳይደርስ ወረደ።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባችሁም። መልቲፕል ማይሎማ የሚባል ካንሰር አለ፤ መቅኒ ውስጥ ተነስቶ አጥንት የሚበላ። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በጣም ብርቱ መድኃኒት ነው። ከመበርታቱ የተነሳ በሽታውንም መቅኒውንም አብሮ ይጠርጋል። ስለዚህ አስቀድመው ደም የሚያመርቱትን እናት ሴሎች ከታማሚው ከራሱ ደም ሰብስበው በበረዶ ያስቀምጡና መድኃኒቱ ካለፈ በኋላ መልሰው ይሰጡታል። ዝማሬ፣ ሚስቴ፣ የምትሠራው ያንን መሰብሰቡን ነው። ታማሚው አራት ቀን መርፌ ይወጋል፤ መርፌው ሴሎቹን ከመቅኒ ወደ ደም ያስወጣቸዋል። በአምስተኛው ቀን ማሽን አጠገብ ይተኛል። ደሙ በአንድ ቱቦ ወጥቶ ይሽከረከራል፣ የተፈለገው ይቀራል፣ ሌላው በሌላ ቱቦ ይመለስለታል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ሴል ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ብርቱው መድኃኒት አይሰጥም፤ በቃ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እንጀራችን ነው። አሠራሩ ግን እንዲህ ነበር። ታማሚው በአምስተኛው ቀን ጠዋት ይመጣል። ቱቦው የሚገባው አንገት ሥር ባለው ትልቅ የደም ሥር ስለሆነ፣ የሚያስገባው ሐኪም ሌላ ሥራውን ጨርሶ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሁሉ ነገር ተገጣጥሞ ማሽኑ ሲነሳ አምስት ሰዓት ይሆናል። ሴሎቹ በእርግጥ ወደ ደም ወጥተዋል ወይ ብሎ አስቀድሞ የሚቆጥር የለም፤ የሚቆጠረው ሁሉ ነገር ካለቀ ወዲያ ነው። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ ይዘጋል። ለምን? የሚፈለገው ሞልቶ? አይደለም። የሠራተኛ ሰርቪስ አሥር ሰዓት ላይ ስለሚወጣ ነው። ነርሱም የላቦራቶሪ ባለሙያውም በዚያ አውቶቡስ ነው ቤቱ የሚገባው፤ ያመለጠው ሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆማል። እኔ ሹፌር ነኝ፣ የሰልፉን ነገር አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ግን ሰው ለነፍሱ ተኝቶ አውቶቡስ ጡሩምባ ሲነፋበት ቆሽቴ ያርራል።

ዝማሬ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። ያየቻቸውን ስድስት ታማሚዎች በሰዓት በሰዓት ጽፋቸዋለች፤ መርፌው ስንት ሰዓት ተወጋ፣ ቱቦው ስንት ሰዓት ገባ፣ ማሽኑ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ምን ያህል ተገኘ። ከስድስቱ አራቱ ጎድሎባቸዋል። የሁለቱ ጉድለት አንድ ሰዓት ተኩል ተጨማሪ ቢሠራ የሚሞላ ነበር። ሁለቱ ደግሞ ሴሎቻቸው ገና ሳይወጡ ነው ማሽኑ ላይ የተጋደሙት፤ አንድ ቀን ቢጠበቁ ኖሮ ያ ሁሉ ቱቦ ባልባከነ። እሷ የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። ቱቦው ከአንድ ቀን በፊት ይግባ፣ በማሽኑ ቀን ማለዳ ሴሉ ይቆጠር፣ ማሽኑ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳ። ሌላ ሕንጻ ሥሩልኝ አላለችም።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አምሐ ክፉ ሰው አይደሉም። ኮሚቴ ሳይጠይቁ ግን ውኃ የሚጠጡ አይመስለኝም። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በጽሑፍ አቅርቢ አሏት፤ አቀረበች። ኮሚቴው አልተሟላም ተባለ። ከወር በኋላ ተሟላ፤ ሰብሳቢው ሥልጠና ሄዱ ተባለ። እሳቸው ሲመለሱ ጽሑፉ ጠፋና እንደገና አቅርቢ ተባለች። እሷ ሆስፒታል ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ቤት መጥታ ግን ድስት ታጥባለች፤ ያልቆሸሸውን ሳይቀር እያወረደች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች ሁላችን እስክንሰማ። ይህ ሰባት ወር ቆየ።

የእህት ዓለሚቱ ሕመም የታወቀው በዚያ መሀል ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሱሪ ያሳጠረ ሰው ያውቃታል። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከሆሳዕና መጥታ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች፤ ሃያ ዓመት ሠርታ ወጣችና በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ የራሷን የስፌት መኪና አቆመች። ባሏ ሞቷል። ኤልዳድና ያኤል የሚባሉ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች መኪና ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ የሚኒባሴን የወንበር ልብስ በሙሉ የሰፋችውም እሷ ናት። ወገቧን ሲያማት ዓመት ሙሉ ያልመከራት የለም። ጎንበስ ብለሽ ስለምትሰፊ ነው አልናት። እኔ ራሴ ትራስ ገዝቼ ሰጠኋት። ትራስ! አጥንቷ ውስጥ በሽታ ገብቶ እኔ ትራስ እሰጣታለሁ። አንድ ቀን ጨርቅ ጠቅልላ ስታነሳ ጎኗ ቀጭ ሲል ነው የተመረመረችው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት መድኃኒት በደንብ ወሰደች፤ በሽታው ተኛ። አሁን ሴሏ ተሰብስቦ ብርቱውን መድኃኒት ልትወስድ ነው። በዚህ ጊዜ ዝማሬ አንድ ማታ እራት እየበላን እጇን ከትሪው አነሳች። ማሽኑ ላይ የሚገጠመው የቱቦ ስብስብ፣ እነሱ ኪት የሚሉት፣ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሆስፒታሉ ውስጥ የቀረው አንድ ነበር። ቀጣዩ በሦስት ወር፣ ምናልባትም በአራት ወር ይመጣል። ለእህት ዓለሚቱ ያለው ዕድል አንድ ነው፤ በዚያ መሀል በሽታው ቢነሳ ደግሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

በማግስቱ ዝማሬ የዶክተር አምሐን በር ይዛ ቆመች። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለሙከራ፣ እኔ በምለው መንገድ ይሠራ አለቻቸው። ብዙ አሰቡ አሉ። በመጨረሻ እሺ አሉና አንድ ነገር ጨመሩ፤ ይህ ካልተሳካ ግን ደብተሩ ይዘጋል፣ ሁለተኛ ስለዚህ ጉዳይ አትመጪብኝም። እሷም ተስማማች።

እንደዚያን ሳምንት ሆና አይቻት አላውቅም። መርፌው ዓርብ ተጀመረ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ሳይዛነፍ፣ እህት ዓለሚቱ ቤት ድረስ ሄዳ ትወጋታለች፤ እነዳለሁ፣ የበረዶ ሳጥኑ ጋቢናው ላይ ይቀመጣል። የላቦራቶሪዋን ልጅ፣ ዚነትን፣ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ከፉሪ ላመጣት ቃል ገባሁ። ለታማሚዋም አንድ ትእዛዝ ተሰጣት፤ ብዪ፣ ጠጪ። ውኃ ጠጪ፣ ወተት ጠጪ፣ እንቁላል ብዪ። ማሽኑ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው መድኃኒት የሰውነትን ካልሲየም ይይዘዋልና፣ ሰውነትሽ ደርቆ ከመጣ ማሽኑን አይችለውም አለቻት። እህት ዓለሚቱ እሺ አለች። ሁሉ ነገር ተዘጋጀ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው።

እጄን አጣጥፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ሚስቴ ይህን ሁሉ ስትለፋ እኔ መሪ ከመያዝ ሌላ ምን አደረግሁ አልኩ። እሑድ ዝማሬ ተረኛ ስለነበረች ብቻዬን ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት። ከፕሮግራሙ በፊት የጸሎት ቡድኑን መሪ፣ ወንድም ዋቅቶላን፣ በረንዳው ላይ ያዝኩትና ነገሩን ነገርኩት። ማክሰኞ ነው፣ አንድ ዕድል ነው፣ ጸልዩ አልኩት። ስሟን ግን አትጥራ፣ ዝማሬ የታማሚ ነገር ከሆስፒታል እንዲወጣ አትወድም ብዬ ጨመርኩ። ወንድም ዋቅቶላ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ልክ የለውም። መድረክ ላይ ወጥቶ በማይክራፎን እህታችን ዓለሚቱ ብሎ ጀመረ። ሰኞና ማክሰኞ ደረቅ ጾም ታወጀ፤ ምግብ የለም፣ ውኃም የለም፣ ማክሰኞ ማታ በአንድነት ይፈታል። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ደስ ብሎኛል እኮ።

ሰኞ ሳልበላ ዋልኩ። ቁርስ ላይ ዝማሬ ስትጠይቀኝ ጨጓራዬ ነው ብዬ ዋሸኋት። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ስጣላ፣ ከተራ አስከባሪ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ውኃ ጠምቶኝ ምላሴ ከላንቃዬ ሲጣበቅ፣ ለእህት ዓለሚቱ ነው እያልኩ ቻልኩት። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ በዚያው ቀን ቱቦው ባሰቡት ሰዓት ገባ፤ እህት ዓለሚቱ እዚያው አደረች። ልጇ ያኤል ቆጮና አይብ ቋጥራላት ነበር። ማታ ላይ ዝማሬ በልተሻል ወይ ብላ ስትጠይቃት ባዶውን ምሳ ዕቃ ከፍታ አሳየቻት።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ከሌሊቱ ፉሪ ደርሼ ዚነትን ወሰድኳት። አንድ ሰዓት ሲል ስልኬ ጠራ። ዝማሬ ናት፤ እየሳቀች ነው። የማለዳው ቆጠራ፣ በአንዲት ቅንጣት ደም ውስጥ፣ ሠላሳ ስምንት ሴል ወጥቷል። ሃያ ቢሆን እንኳ ይጀመር ነበር አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ጾሙ ሠራ አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በደስታ ለሦስት ተሳፋሪ ሒሳብ አልተቀበልኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ማታ ነው። ማሽኑ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እህት ዓለሚቱ ከንፈሬ ደነዘዘ አለች። ጣቶቿ ተኮማተሩ፤ ያ መርፌ የሚይዝ እጇ እንደ ዶሮ እግር ታጠፈ። ካልሲየም በደም ሥር ሰጧት፤ ቀለል አላት። ሦስት ሰዓት ላይ የደም ግፊቷ ወረደ፤ ማሽኑ ቆመ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው ሲቀጥሉ እንደገና ወረደ። ዝማሬ ግራ ገባት። ከዚህ በፊት እንዲህ የሆነ ታማሚ አላየችም። ጎንበስ ብላ ትናንት ምን እንደበላች፣ ምን እንደጠጣች ጠየቀቻት። እህት ዓለሚቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆጮውን ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ ሰጥታዋለች። ውኃውን አበባ ላይ አፍስሳዋለች። ከእሑድ ማታ ጀምሮ በአፏ የገባ ነገር የለም።

«ሕዝቡ ስለ እኔ ውኃ ሳይቀምስ ውሎ፣ እኔ ወተት ጠጥቼ ልተኛ? እንዴት አድርጌ ዓይናቸውን አያለሁ?» አለቻት።

ዝማሬ እዚያው ወተት አስመጥታ በማንኪያ አጠጣቻት፤ የደረቀ ሰውነት ግን በአንድ ሰዓት አይመለስም። ማሽኑ ይቆማል፣ ይነሳል፣ ይቆማል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ዚነት ልብሷን አልቀየረችም፤ ሰርቪሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሄደ። ዶክተር አምሐም አልሄዱም፤ ይህን አልክድም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አጠገቧ ቆመው ግፊቷ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ በገዛ እጃቸው ማሽኑን አጠፉት። ዚነት የተገኘውን ቆጥራ በበረዶ አስቀመጠችው። በኪሎ አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊዮን። ዓለሚቱ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ናት፤ ስለዚህ በጠቅላላው ሃያ አንድ ሚሊዮን ጎደላት። በዚያ ማለዳ ቁጥር እኮ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይሞላ ነበር።

ዝማሬ ይህን ስትነግረኝ እኔ ጾሜን ልፈታ ሳህን አቅርቤ ነበር። ሳህኑን መልሼ ከደንኩት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ለቤተ ክርስቲያን ማን ነው የነገረው አለች። ሰው መቼም ወሬ አያጣም አልኩ። ከልቤ የሆነ ይመስል ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ያለ ወራዳ ነገር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣላት። የተሞከረው አሠራር የተለየ ውጤት ያላሳየ በመሆኑ ሥራው በነበረበት ሁኔታ እንዲቀጥል ይላል፤ ማኅተም አለው። ዝማሬ እህት ዓለሚቱ እንዳትወቀስ ብላ የጾሙን ነገር ለዶክተሩ አልነገረችም ነበር። ሰባት ወር የለፋችበት ነገር በሁለት መስመር አለቀ። ድስት ታጥባለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላጠበችም። ሰማያዊውን ደብተር በፌስታል ጠቅልላ አልጋ ሥር ከክረምት ጫማዎች ጋር ከተተችው። ድስቱን ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሠራሯ እኮ ሠርቷል! ቱቦው በሰዓቱ ገብቷል፣ ቆጠራው ትክክል ነበር፣ ማሽኑ በሰዓቱ ተነስቷል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ደግሞ የለም ብዬ አሰብኩ። ሁለት ሳምንት እንደ በሽተኛ ከረምኩ። ለዝማሬ ልነግራት አፌን እከፍታለሁ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ አውርቼ እዘጋለሁ። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ መኪናዬን አቁሜ ዶክተር አምሐ ዘንድ ሄድኩ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አስጠበቁኝ። ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? በጽሑፍ አምጣ።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው ጻፍኩ። ቁም ነገሩ ይህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ጾም ስለማሳወጅ። እኔ አመልካቹ የታማሚዋን የሕክምና ቀን ያለ ባለቤቴ ፈቃድ ለቤተ ክርስቲያን በመናገሬ የሁለት ቀን ደረቅ ጾም ታውጇል። ታማሚዋም በይሉኝታ አብራ ጾማለች። ማሽኑ የተቋረጠው በዚህ ምክንያት እንጂ በአሠራሩ ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ጥፋቱ ከሲስተር ዝማሬ ላይ ተነስቶ በእኔ ላይ እንዲሆን በትሕትና አመለክታለሁ።»

ፈረምኩ። ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለሲስተር ዝማሬ» ብዬ ጨመርኩ። አዎ፣ ለገዛ ሚስቴ ግልባጭ አደረግሁ። ፊት ለፊት መናገር ያቃተኝን ነገር መዝገብ ቤት እንዲነግርልኝ ነው። መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ ርዕሱን ሁለት ጊዜ አንብበው ይህ በየትኛው ፋይል ነው የሚገባው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ? ቁጥር ሰጥተው ማኅተም መቱበት።

ለዝማሬ ግልባጩ በሁለተኛው ቀን ደረሳት። ማታ ከሥራ ላወጣት ስሄድ እንደ ወትሮው ጋቢና አልገባችም። የኋላውን በር ከፍታ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም እንደዚያው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሚስቴን እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ጭኜ ሄድኩ፤ በመስታወት አያታለሁ፣ እሷ በመስኮት ውጭውን ታያለች። ጀሞ ስንደርስ ወራጅ አለ ትላለች። ወራጅ አለ! ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ተናድዳ ታውቃለች፤ እንዲህ ግን አልነበረም።

በእነዚያ ቀናት እህት ዓለሚቱ ሱቅ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ ልል የተዘጋጀሁት ረጅም ነበር፤ አላስጨረሰችኝም። ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ የነገርከው አንተ እንደሆንክ ወንድም ዋቅቶላ ያን ዕለት በስልክ ነግሮኛል አለች። ታዲያ ለዝማሬ ለምን አልነገርሽም ስላት እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳች።

«ቤትህ እንዳይታመስ ነዋ። ደግሞ ምሳ ዕቃውን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አፌን አልዘጋህም። አሁን ሂድ፣ ሰዎች ልብስ ሥሪልን ብለውኝ እየጠበቁ ነው» አለችኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጡሩምባ ሲነፋብኝ እንኳ አልተሳደብኩም።

ደብዳቤዬ ኮሚቴ ገባ። ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ በሁለተኛው ዶክተር አምሐ ቀጣዩ ኪት ሲመጣ ሙከራው አንድ ጊዜ እንዲደገም አስወሰኑ፤ ለእህት ዓለሚቱ ራሷ። ዝማሬ ደብተሩን ከአልጋ ሥር አወጣችው። በታማሚ መመሪያው ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ለታማሚው ሌላ ሰው ይጹም፣ ታማሚው ግን ይብላ ይላል። ወንድም ዋቅቶላ መድረክ ላይ አነበበው። ስም ግን አሁንም ጠራ፤ ምን ይደረጋል።

እኔም የድርሻዬን ያዝኩ። ፉሪ አቶ በንቲ የሚባሉ የሰፈሩ ነባር ገበሬ አሉ፤ እርሻቸው ኮንዶሚኒየም ሆኖ አራት ላም ቀርታቸዋለች። በየማለዳው አንድ ሊትር ወተት ከእሳቸው እወስዳለሁ፣ ሁለት እንቁላል አስቀቅላለሁ፣ አንድ ሰዓት ላይ እህት ዓለሚቱ ደጅ እደርሳለሁ። ጋቢና ገብታ ትበላለች። የመጨረሻው ጉንጭ ሳይወርድ ሞተር አላስነሳም። ምሳ ዕቃ ማየት አልፈልግም፣ ጉሮሮዋን ነው የማየው። አንዳንድ ቀን በቃኝ ትለኛለች፤ አልሰማትም። ተሳፋሪ ከኋላ ይጮኻል፤ እሱንም አልሰማም።

ኪቱ ግን አልመጣም። በአራተኛው ወር ተጭኗል ተባለ። በአምስተኛው አየር ማረፊያ ደርሷል ተባለ። አየር ማረፊያ ከደረሰ ይኸው ስድስት ሳምንቱ፤ አንድ ወረቀት ጎድሎታል ይላሉ። ከጀሞ አየር ማረፊያ እኔ በአርባ ደቂቃ እሄዳለሁ፤ ስጡኝና ላምጣው ብል ሰው ይስቅብኛል። እህት ዓለሚቱ በሽታውን የሚያቆየውን ኪኒን ትውጣለች። በየወሩ ደሟ ሲመረመር ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እኔና ዝማሬ እራት አንበላም። እስካሁን ተኝቷል። እስከ መቼ እንደሚተኛ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ሰኞ ክትትል ቀኗ ነበር። ዝማሬ መዘነቻት፤ ሃምሳ ስድስት ኪሎ። እኔ ኮሪደር ላይ ስሰማ ኩራት ተሰማኝ። አራት ኪሎ ጨምራለች፤ በእኔ ወተት፣ በእኔ እንቁላል። ማታ ዝማሬን ላወጣት ስሄድ ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። የኋላውን በር ከፍታ ገባች፤ ቅጣቱ ዘጠኝ ቀን ነበር ብያለሁ፣ ግን ከዚያ ወዲህም ቅር ባላት ቀን ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ደብተሩን አውጥታ ትጽፋለች፣ ስልኳን ትነካካለች። ጀሞ መታጠፊያ ላይ መብራት ሲይዘን «ታሪኩ» ብላ በስሜ ጠራችኝ።

አቤት አልኩ።

በኪሎ ነው የሚለካው አይደል አለች። ያኔ ሃምሳ ሁለት ስለነበረች አንድ ነጥብ ስድስት ወጣ። አሁን ሃምሳ ስድስት ስለሆነች፣ ያው በበረዶ የተቀመጠው ሴል በኪሎ ወደ አንድ ነጥብ አምስት ወረደ። የጎደላት ሃያ አንድ ሚሊዮን ነበር፤ አሁን ሃያ ዘጠኝ ሆኗል።

መሪውን ይዤ ስሌቱን በልቤ ደገምኩት። ወይ እኔ! ጉሮሮዋን እያየሁ፣ በየማለዳው፣ አምስት ወር ተኩል።

«ስምንቱን ሚሊዮን የጨመርከው አንተ ነህ» አለች። «አስርበህም አጎደልክባት፣ አብልተህም አጎደልክባት።»

በመስታወት አየኋት። አፏን በደብተሩ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች፣ በመኪኖቹ መሀል ዞራ መጥታ ጋቢና ገባች። መብራቱ ለቀቀን። ትንሽ እንደሄድን ሳቋ አለቀና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ያኛው ከሳቅ የመጣ አይመስለኝም። ታዲያ ማብላቱን ልተው ወይ አልኳት። አትተው አለች፤ ኪቱ የመጣ ቀን በእግሯ ትገባለች።

ዛሬም በአንድ ሰዓት ሄድኩ፤ እህት ዓለሚቱ ወተቷን ጠጣች። ኪቱ አልመጣም።